አምስት አምስት ሲኒ

እስቲ ጠጋ ይበሉ፤ ቡናው እስኪፈላ በሲኒ አንድ ጨዋታ ላሳይዎት። አሥራ አምስት እንግዶች አሉን እንበል። ዘጠኙ ቡናቸውን በስኳር፣ ስድስቱ በጨው ነው የሚወዱት። ሦስት ረከቦት እንዘርጋና በየረከቦቱ ዙሪያ አምስት አምስት ሰው ይቀመጥ፤ ስኳር ይግባ ወይስ ጨው የሚለውን ያው አምስቱ በድምፅ ብልጫ ይወስኑ። ስኳር ማሸነፉ አይቀርም ይላሉ አይደል? እኔ የጨው ወገን ከሆንኩና አቀማመጡን ከተዉልኝ ግን አምስቱን ባለስኳሮች አንድ ረከቦት ላይ አጉራቸዋለሁ። የቀሩትን አራቱን ሁለት ሁለት አድርጌ በሦስት በሦስት ባለጨዎች መሀል እሸጉጣቸዋለሁ። ይኸው፣ ከሦስቱ ረከቦት ሁለቱ የጨው ሆነ! ቢቆጥሩ ደግሞ አላጎደልኩም፤ ሁሉም ጋ አምስት ነው።

አሜሪካኖች የምርጫ ክልል ሲያካልሉ የሚጣሉት በዚሁ ነው። በየ10 ዓመቱ ሕዝባቸውን ይቆጥራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 331,449,281 ሰው ተገኘ። 435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በዚያ ቆጠራ ለ50ዎቹ ግዛቶች ከተደለደሉ በኋላ በየግዛቱ ውስጥ መስመር ማስመር ይመጣል። ክልሎቹ በሕዝብ ብዛት እኩል ይሁኑ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ፈርዷል። ደግ ፍርድ ነበር፤ ቴነሲ የግዛቷን ምክር ቤት ክልሎች ከ1901 ወዲህ ሳትነካ ስድሳ ዓመት ቆይታ ነበርና። ግን ሁሉም ጋ አምስት መሆኑ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስጥል አሁን አየን።

በዓይኔ ልየው ብዬ አንድ ማታ ዴቭስ ሪዲስትሪክቲንግ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፈትኩ። የኛ ሰው የሚበዛባት ሲልቨር ስፕሪንግ እዚያ ስላለች ሜሪላንድን መረጥኩ። 6,177,224 ሰው ለ8 ክልል ሲካፈል 772,153 ይደርሳል። ማውሱ የነካው ሰፈር ቀለሙን ይቀይራል፤ ከጎን ያለው ቁጥር ይሮጣል። ቆጠራው እስከ ብሎክ ይወርዳል፤ ብሎክ ብዙውን ጊዜ በመንገዶች የታጠረች ትንሽ የሰፈር ቁራጭ ናት። አንዷን ወደ ማዶ ሲያሻግሩ ትርፍና ጉድለቱ እዚያው ይታያል። መምረጥ የማይችለው ሕፃንም፣ ዜግነት ገና ያላገኘውም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋ ነበርኩ። ፕሮግራሙ ግን ያለፉትን ምርጫዎች ውጤትም ይዟል። እሱን ሳበራው ካርታው በሁለቱ ፓርቲዎች ቀለም ቀይና ሰማያዊ ሆነ፣ እጄም ከማውሱ አልላቀቅ አለ። ብዙም ሳልቆይ ቁጥሩ ልክ የሆነ፣ መልኩ ግን የበግ አንጀት የመሰለ ክልል ወጣኝ። እውነተኞቹም ከእኔ አይሻሉም፤ በ2011 የተሰመረውን የሜሪላንድ 3ኛ ክልል አንድ የፌዴራል ዳኛ ክንፉ ተሰብሮ ከተዘረጋ ቴሮዳክቲል፣ ማለትም ከጥንቱ በራሪ አውሬ ጋር አመሳስለውታል። ያን ካርታ ያወጡት ዴሞክራቶች ናቸው። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ ሪፐብሊካኖች እጃቸውን አልሰበሰቡም። የሁለቱ ግዛቶች ክስ አብሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2019 «ለፓርቲ ጥቅም ማካለል የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚዳኘው ጉዳይ አይደለም» ተባለ።

እኔን ደስ የሚለኝ የአዮዋ ብልሃት ነው። እዚያ ካርታውን የሚያዘጋጁት ከፓርቲ ነጻ የሆኑ የግዛቱ ምክር ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ሕጉም ያለፈውን የምርጫ ውጤትም ሆነ የነባር ተመራጮችን መኖሪያ አድራሻ እንዳይጠቀሙ ይከለክላቸዋል። እንግዶቹን የሚያስቀምጠው ሰው ማን ጨው፣ ማን ስኳር እንደሚወድ ሳያውቅ ነው ማለት ነው።

ቡናው ፈላ። እርስዎስ በምን ይሁንልዎት?