መኪናዋ ታበራለች፤ ሆዷን ግን ጨው ይበላዋል!

እናንተዬ፣ እኛ ብርድ እያልን የምናማርረው ለካ የእንጦጦን ነፋሻ አየር ነው! ባለፈው ጥር የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሚኒያፖሊስ ሄጄ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ገና ብቅ ከማለቴ የአፍንጫዬ ፀጉር ድርቅ ሲል ተሰማኝ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነበር። የአክስቴ ልጅ እየሳቀ፣ «ዛሬማ ደህና ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2019 ከዜሮ በታች 33 ገብቶልሃል» አይለኝ መሰላችሁ!

የከተማው ሰው ታዲያ ዘዴ አያጣም። መሀል ከተማው ላይ ሕንፃን ከሕንፃ የሚያገናኙ፣ በመስታወት የተሸፈኑ መተላለፊያዎች አሉ፤ ሲደማመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ካፖርት ሳይደርቡ ቢሮ ገብቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ባንክ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ሐይቁ ደግሞ ድንጋይ ሆኖ፣ ሰዎች መኪናቸውን እላዩ ላይ አቁመው በረዶውን እየበሱ ዓሣ ያጠምዳሉ። (እኔ በእግሬም አልሞከርኩት። እናቴ ያላት አንድ ልጅ ነው።)

ጉድ ያሰኘኝ ግን ጨው ነው። አያቶቻችን አሞሌ ብለው እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት ጨው፣ እዚያ በካሚዮን እየተጫነ አስፋልት ላይ ይበተናል! በረዶ ለማሟሟት ነው። ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲታለፍ ጉልበቱ ስለሚደክም ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ክሎራይድ የሚባሉትን ይጨምሩበታል። የእነዚህ ክፋታቸው ከአየር ላይ እርጥበት እየሳቡ ቶሎ አለመድረቃቸው ነው። ዝገት ከዚህ የበለጠ ምን ድግስ ይፈልጋል? በሁለተኛው ቀን ጥቁር ጫማዬ ዙሪያውን ነጭ መስመር አወጣ። ሊስትሮ ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ፤ ከየት ተገኝቶ!

የአክስቴ ልጅ በስልክ እየተጠራ ሰው በማመላለስ ነው የሚኖረው። በመኸር ላይ የሦስት ዓመት አሮጌ መኪና በብድር ገዝቷል። እኔ በደረስኩበት ሰሞን ታዲያ አንድ የመኪና ማስዋቢያ ቤት «ሴራሚክ ኮቲንግ እንቀባልህ፤ 1,200 ዶላር፤ አምስት ዓመት ዋስትና አለው» ብሎት ልቡ ተነስቷል። ባለቤቱ ፊቷን አጥቁራለች። ምክንያት አላት። ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ፣ ልጃቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሊቆም ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። መኪናዋ ቀነስ አለች እንጂ አልቆመችም። መንገድ ዳር የተከመረ በረዶ ውስጥ ሰክቶ ነው የተረፉት። ሲታይ የፍሬኑ ቱቦ ዝጎ ተበስቶ፣ ዘይቱ አልቋል።

«ላይዋ'ኮ እንደ መስታወት ታበራ ነበር» አለችኝ ሚስቱ፣ ቡና እየቀዳች። «እሁድ እሁድ ሰም የሚቀባት እሱ አይደል?»

በማግስቱ እኔና እሱ ወደ ማስዋቢያ ቤቱ ሄድን። አስተናጋጁ ወጣት ጨዋ ነበር፤ ስንጠይቀው አልደበቀንም። ነገሩ ሲሊካ ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ቀለሙ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ደርቆ ይጠነክራል። ውፍረቱ ግን ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። «9 ኤች ጥንካሬ» እየተባለ የሚወራለትም በእርሳስ ተጭሮ በሚደረግ መፈተኛ የሚለካ ነው፤ እንደ ዕንቁ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። የጎማ ጠጠር ኮፈኑን ሲመታው ያው ይላጠዋል። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ውኃው ይንከባለላል፣ ጨውና ጭቃው በቀላሉ ይለቃል፣ ቀለሙ ፀሐይ ቶሎ አያገረጣውም። ማጠብ ይቀላል እንጂ ማጠብ አይቀርም።

«ታችዋንስ?» አልኩት።

«ታችዋን አይነካም» አለ።

የአክስቴ ልጅ ዝም አለ። ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ከመቀባቱ በፊት መኪናዋ በደንብ ታጥባ፣ የተጫረው ሁሉ በፖሊሽ መስተካከል አለበት፤ ያለበለዚያ ጭረቱን ነው የሚያሽጉት። እንዲደርቅም ሙቀት ያለው ቤት ውስጥ ማደር አለባት። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ባትታጠብ ይመረጣል። ጥር ላይ፣ ጨው በሞላው መንገድ ዕለት ዕለት የሚሠራ ሰው ይህን እንዴት ያደርገዋል? በረዶውን የሚጠርጉበት ሻካራ ብሩሽም ሆነ ብሩሹ የሚሽከረከር ላቫጆ ልባሱን ይጭረዋል።

ከዚያ የአገራችን ልጅ የሆኑ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድን። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልን» አልናቸው። መኪናዋን ሰቅለው በባትሪ እያበሩ ሆዷን ፈተሹ። ሻንሲው ላይ ዝገት ጀምሯል፤ የፍሬኑ ቱቦ ግን ደህና ነው። «ልጄ፣ ማታ የት ነው የምታሳድራት?» አሉት። የሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ ብሎ በኩራት ሲመልስ ሳቁ። ጨው የጠጣች መኪና ሳትታጠብ ሙቀት ውስጥ ስታድር፣ ደጅ ከደረቀችው ይልቅ ቶሎ ትዝጋለች አሉ። ብርዱ ዝገቱን ያዘገየዋል፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ያፋጥነዋል። እኔ ይህን ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ መኪናው አዲስ ከሆነ፣ ባለቤቱ ለብዙ ዓመት ሊይዘው ካሰበና በእጅ የሚያጥብበት ቦታ ካለው፣ መስከረም ላይ ይቀባው፤ አያስቆጭም። ቀለሙ የተላጠ፣ በብድር የሚገፋ መኪና ያለው ሰው ግን መጀመሪያ ሆዷን። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም፤ የቀለም ጠላት ፀሐይና አቧራ ስለሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው።

የአክስቴ ልጅ አዛውንቱ ዘንድ ከ200 ዶላር ባልበለጠ የታችኛውን ዝገት አስፍቆ በፀረ ዝገት ዘይት አስረጨ። ከታች ወደ ላይ ውኃ የሚረጭ ላቫጆም በወር ክፍያ ተመዘገበ። ለልባሱ የያዘውን ቀሪ ገንዘብ ሚስቱ ተቀብላ አስቀምጣዋለች፤ መስከረም ላይ ይታያል ብላለች። እሱ ግን አልቆረጠለትም፤ የማስዋቢያ ቤቱን ካርድ ቦርሳው ውስጥ አይቻለሁ።

በቀደም ሲደውልልኝ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ሁለት ዲግሪ ደርሶ ከተማው በሙሉ መኪና ሊያሳጥብ ወጥቷል። «አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰልፌያለሁ፤ ከፊቴ ገና 11 መኪና አለ» አለኝ።