ብርድ የሚነፋ ማሞቂያ ይዞ ከቦሌ እስከ አያት

በታኅሣሥ ማለዳ ቦሌ አየር ማረፊያ የሚያርፍ እንግዳ ከበሩ ሲወጣ ቆም ብሎ ጃኬቱን ይፈልጋል። ለገና ከባሕር ማዶ የሚመጡ ዘመዶቻችን እንኳ ብርዳችንን ረስተውት ነው የሚመጡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር የቀኑ ሙቀት ሌሊቱን ሽው ብሎ ይሄዳል። እኩለ ቀን ላይ በሸሚዝ የምንዘዋወርበት ሰፈር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ነው።

የምሥራቁ ነዋሪ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከጎሮ፣ ከቦሌ አራብሳ የሚነሳ ቤተሰብ መንገዱ ሳይዘጋጋ ለመውጣት ልጆቹን ገና ጎሕ ሲቀድ መኪና ውስጥ ያስገባል። እናት የማሞቂያውን መዘውር እስከ ቀዩ ምልክት ታዞራለች፣ ፋኑም ይጮኻል፣ የሚወጣው ግን ብርድ ነው። ሲኤምሲ ታለፈ፣ ጉርድ ሾላ ታለፈ፣ መገናኛ ተደረሰ፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች አሁንም አንድ ጋቢ ይጓተታሉ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ሳይ ማንበብ ይቀናኛል። «ኤሲው የሚሠራ»፣ «ጎማው አዲስ»፣ «በሴት የተያዘ» ይላሉ። «ማሞቂያው የሚሠራ» የሚል ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ገዢው ስለማይጠይቅ ሻጩም አይናገርም።

አሮጌ መኪናችን ደግሞ በቅርቡ የሚለየን አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ያለውን ይዞ ይቆያል፤ ይዞ ከቆየ ዘንድ ቢሞቅ ምን አለበት?

የማሞቂያው አሠራር እንደሚፈራው የተወሳሰበ አይደለም። ሞተሩን ሊያቀዘቅዝ የሚዞረው ውኃ ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል፤ ከዚያ ከፊሉ በሁለት የጎማ ቱቦ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል። ፋኑ በእሷ ላይ ሲነፋ ሞቃት አየር ወደ እኛ ይመጣል። ለሙቀቱ ብለን የምናቃጥለው ተጨማሪ ነዳጅ የለም፤ ለማንኛውም ሊባክን የነበረ ነው።

የእኛ መኪና በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ ኮሮላ ናት። አንድ ጋራዥ «ዳሽቦርዱ ወርዶ ራዲያተሯ መቀየር አለባት፣ ሦስት ቀን ይፈጃል» አለን። ባለቤቴ ሌላ ሰው እንይ ብሎ ገርጂ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ወሰደኝ። እዚያ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ሲሄዱ አንዱ ጋራዥ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ የቆርቆሮው ድምፅና የቀለሙ ሽታ ከሩቅ ይቀበላል።

«ጋሼ፣ ማሞቂያው ብርድ ነው የሚነፋው» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ሞተሩ ይሥራ፣ የኔ ልጅ» አሉና ኮፈኑን ከፍተው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሰው ወደ ዳሽቦርዱ የሚገቡትን ሁለቱን ቱቦዎች በእጃቸው ጀርባ ነካ ነካ አደረጉ። «ነይ ንኪ፤ አትፍሪ።» ሁለቱም ለብ ያሉ ነበሩ።

«ሁለቱም ቢፋጁ ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው፤ ችግሩ ፋኑ ወይም አየሩን የሚመራው ክዳን ጋ ይሆናል። አንዱ ፈጅቶ ሌላው ቢቀዘቅዝ ራዲያተሯ ተደፍናለች፣ ወይም ውኃውን የሚያሳልፈው ቧንቧ ተዘግቷል። ሁለቱም እንዲህ ለብ ካሉ ግን ሞተሩ ራሱ አልሞቀም።» ቤቱን ሲፈቱት ቴርሞስታቱ የለም። ከእኛ በፊት ማን እንዳወጣው እግዜር ይወቀው።

ቴርሞስታት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ፣ ውኃው 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚከፍት ትንሽ በር ነው። ከተነቀለ ውኃው ገና ሳይሞቅ እየዞረ ይቀዘቅዛል። በእኛ ብርድና ቁልቁለት ሞተሩ ሙሉ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንደርሳለን። ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል፣ ቶሎም ያረጃል።

ታዲያ ለምን ይነቅሉታል? መኪና እንዳይፈላ ተብሎ ነው። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ውኃ በባሕር ጠረፍ 100 ዲግሪ ላይ ሲፈላ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ግን ከመፍላት የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ውኃውን አፍኖ ግፊት ስለሚሰጠው የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል፤ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ባለበት ቴርሞስታት መንቀል ትኩሳት ያለበትን ልጅ ልብስ አውልቆ ደጅ እንደማቆም ነው። ሌላው ጠንቅ የቧንቧ ውኃ ነው። ኩላንት ሳይገባበት ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲጨመርበት ዝገትና ደለል ያጠራቅማል፣ ያ ደለል መጀመሪያ የሚደፍነው የማሞቂያዋን ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው።

ባለቤቴ ሶማሌ ተራ ሄዶ ቴርሞስታት ይዞ መጣ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር። መካኒኩ ራዲያተሯን ቀስ ባለ የውኃ ግፊት በተቃራኒ አቅጣጫ አጠቡ፤ የወጣው ውኃ ቡና አተላ ይመስላል። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገው፣ ማሞቂያውን ቀዩ ላይ አድርገው፣ ሞተሩ ገና በቀዘቀዘበት ክዳኑን ከፍተው ኩላንት ሞሉና አስነሱ። አረፋው እስኪያልቅ ጠበቁ። በውስጥ የቀረ አየር ብቻውን ማሞቂያ ይገድላል አሉ። ዓመቱን ሙሉ ታች ተኝቶ የነበረው የሙቀት መርፌ ያን ቀን መሐል ላይ ወጥቶ ቆመ።

ሁሉም አሮጌ መኪና አንድ አይደለም። ለሩሲያ ክረምት የተሠራችው ላዳ በማሞቂያ የምትታማ አልነበረችም፤ የእሷ ጣጣ የውኃ መዝጊያዋ ተሳፋሪው እግር ላይ ማንጠባጠቡ ነው። ቮልስዋገን ቢትል ደግሞ ጭራሽ ውኃ የላትም፤ ሙቀቷን የምታገኘው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። ስለዚህ የዛገ ጭስ ማውጫ ያላት ቮልስ ማሞቂያዋ ሲከፈት መርዛማ ጭስ ልታስገባ ትችላለች። የጭስ ሽታ ካለ ማሞቂያውን ዘግቶ መስኮት መክፈት እንጂ ልጆቹን ይዞ መጓዝ አይገባም።

ብርዱ አይጎዳኝም የሚል ካለ ክረምቱን ያስብ። በሐምሌ ዝናብ፣ ቀለበት መንገድ ላይ፣ አምስት ሰው በሚተነፍስበት መኪና የፊት መስታወቱ በደቂቃ ነጭ ይሆናል። በፎጣ ቢጠርጉት ተመልሶ ይመጣል። ማሞቂያውንና ኤሲውን አንድ ላይ ወደ መስታወቱ ይልቀቁ፣ የውጭ አየር ማስገቢያውንም ይክፈቱ፤ ኤሲው አየሩን ያደርቀዋል፣ ማሞቂያው ጉሙን ያነሳዋል። ጉሙ ቅባት ቅባት ካለ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ ከእግር በታች ያለው ምንጣፍም ከራሰ ግን ራዲያተሯ ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰች ነው፤ ያኔ ዳሽቦርዱ መውረዱ አይቀርም።

አንድ ነገር ለወላጆች፦ ኩላንት ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ ጓሮ ማስቀመጥ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ አረንጓዴና ቀይ ቀለሙ ልጅ ዓይን ውስጥ ለስላሳ ይመስላል። ከመጣበት ዕቃ አይለወጥ፣ ከፍ ካለ ቦታም ይቀመጥ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ደግሞ ማንም አይክፈት።

መኪናችን ከዳነች በኋላ የመጀመሪያው ረዥም ጉዞ ወደ ደብረ ብርሃን ነበር። ከአያት ተነስቶ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ የሚያልፈው መንገድ እየወጣ ይሄዳል፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቅ ከተማዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ትጠብቃለች። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ መሆኗ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በማለዳ ሜዳው ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፣ እረኞቹ በጋቢ ተጠቅልለው ከበጎቻቸው ኋላ ቆመዋል። ልጆቹ ሰንዳፋ ሳንደርስ ጃኬታቸውን አወለቁ። ሸኖ ላይ ቅቤ ልገዛ ወርጄ ስመለስ ታናሹ ገና በሩን ስከፍት «እማዬ፣ ቶሎ ዝጊው፣ ብርድ አስገባሽብን!» ብሎ ጮኸብኝ።