በጊታር የያዘችኝ ሜምፊስ

እኔን ወደ ሜምፊስ የጠራኝ ሶል ነው። የኦቲስ ሬዲንግ እንጉርጉሮ፣ የአይዛክ ሄይስ ወፍራም ድምፅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስታክስ የተባለው የሸክላ አሳታሚ በ1960ዎቹ ለዓለም ያሰማው የትንፋሽ መሣሪያ ጨዋታ (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያ ድምፅ ለአዲስ አበባ ልጅ ባዕድ አይደለም። በአሥመራ የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ፣ ሶልን ለእኛ ሙዚቀኞች ጆሮ ካደረሱት መንገዶች አንዱ ነበር፤ የእነ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች ያጀቡት ሳክስፎንና ትራምፔት የዚያ ሙዚቃ ዘመዶች ናቸው። በማክሌሞር ጎዳና የሚገኘውን የስታክስ ሙዚየም ከጥግ እስከ ጥግ አየሁ፤ ደስ አለኝ፤ የመጣሁበትን ያገኘሁ መሰለኝ።

ማዲሰን ጎዳና ግን ገና ይጠብቀኝ ነበር። ከመሐል ከተማው ተነስቶ ወደ ምሥራቅ በሚዘልቀው በዚህ መንገድ ከአንድ ሸክላ ቤት ገብቼ የድሮ የሶል አልበሞችን ሳገላብጥ፣ ባለሱቁ በማጫወቻው ላይ የነበረውን አንስቶ ሌላ ሸክላ አስቀመጠ። ሽፋኑ ላይ የኒዮን መብራት ኮከብ አለ። ባንዱ ቢግ ስታር፣ አልበሙ «ነምበር ዋን ሪከርድ» ይባላል፤ የወጣው በ1972 ነው። የመጀመሪያው ዘፈን «ፊል» ጀመረ። ጊታሮቹ ጥርት ብለው ገቡ፤ ከእነሱ በላይ ወደ ላይ የሚጮህ፣ ሊሰነጠቅ የደረሰ የወጣት ድምፅ። መሐል ላይ ሳክስፎኖች ብቅ ሲሉ ፈገግ አልኩ። ሜምፊስ እዚህም ውስጥ አለች።

ከዚያ በኋላ ግን አልበሙ ወደ ሌላ አገር ወሰደኝ። «ዘ ባላድ ኦፍ ኤል ጉዶ» ላይ ድምፆቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረቡ ቀስ ብለው ሲወጡ እጄ ላይ የነበረውን ሸክላ አስቀመጥኩ። «ሰርቲን» ደግሞ ድራም የለውም። ሁለት አኩስቲክ ጊታሮች፣ ለስላሳ ድምፅና የትምህርት ቤት ልጆች የመጀመሪያ ፍቅር፣ ያ ብቻ ነው። ዘፈኑ ልጅነትን ከሩቅ ሆኖ አያሞግስም፤ ልጁ ራሱ እየፈራ እየተባ የሚናገር ይመስላል። ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አለቀ፤ ባለሱቁ መልሶ እንዲያጫውተው ጠየቅኩት።

ይህን ለስላሳ ድምፅ ያወጣው አሌክስ ቺልተን መሆኑን ሳውቅ ለማመን ተቸገርኩ። ቺልተን በ1967፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ከቦክስ ቶፕስ ባንድ ጋር «ዘ ሌተር» የሚለውን ዘፈን ተጫውቶ በአሜሪካ ቁጥር አንድ የወጣ ልጅ ነው። በዚያ ዘፈን ላይ የሚሰማው ሻካራ፣ የትልቅ ሰው ድምፅ ነው። ዝናውን ትቶ ወደ ከተማው ሲመለስ ክሪስ ቤልን፣ ቤዝ የሚጫወተውን አንዲ ሃመልንና ድራመሩን ጆዲ ስቲቨንስን ተቀላቀለ፤ እዚያም በከፍተኛውና በቀጭኑ ድምፁ መዝፈን ጀመረ። ቤል በበኩሉ በስቱዲዮ ውስጥ እንቅልፍ የሌለው ሰው ነበር፤ ድምፅ በድምፅ፣ ጊታር በጊታር ላይ እየደረበ የሚያንፀው እሱ ነው።

ስቱዲዮው አርደንት ነው፤ እዚያው ማዲሰን ጎዳና ላይ፣ 2000 በሚለው ቁጥር። ከውጭ ሲያዩት ዐይን የማይስብ ዝቅ ያለ የጡብ ሕንፃ ነው፤ እኔ ግን ፊት ለፊቱ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ባለቤቱ ጆን ፍራይ የከተማዋን ወጣቶች ሰብስቦ የቀረጻ ሙያ አስተማራቸው፤ ከዚያም ደንበኞች ሲሄዱ ሌሊቱን እንዲሠሩበት ቁልፉን ሰጣቸው። ቀን ቀን በስቱዲዮው ከሚሠሩት መካከል ስታክስ የሚልካቸው ነበሩ። ልጆቹ ሲርባቸው መንገዱን ተሻግረው የሚገዙበት ሱፐርማርኬት ቢግ ስታር ይባል ነበር፤ የባንዱም ስም ከዚያ መጣ።

እኔ አልበሙ ሳያረጅ የኖረበትን ምስጢር የማየው ፍራይ ለልጆቹ በሰጠው ቁልፍ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ሜምፊስ የሶልና የብሉዝ ከተማ ነበረች፤ የሮክ ዓለሙ ደግሞ ወደ ረጃጅም የጊታር ሶሎና ወደ ከባድ ድምፅ አዘንብሎ ነበር። እነዚህ አራት ልጆች ቢትልስንና በርድስን ይወዱ ነበር፤ አጭር ዘፈን፣ ግልጽ ዜማ፣ የተቀናጀ ድምፅ ፈለጉ። ሰዓት የሚቆጥርባቸው፣ ገበያው ምን እንደሚል የሚነግራቸው አልነበረም። ስለዚህ የ1972ን ፋሽን አልበሙ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ፍራይ የቀረጸው እያንዳንዱ ክር ለብቻው እንዲሰማ አድርጎ ነው። ጊታሩም ዝም ብሎ አያጅብም፤ እንደ ጥሩ ተቀባይ፣ ድምፃዊው የጣለውን ሐረግ አንስቶ በራሱ ዜማ ይመልሳል። ደስታው ከላይ ነው፤ ናፍቆቱ ከሥሩ ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። አሥር ጊዜ ሰምቼው አዲስ የሚሆንብኝ በዚህ ነው።

ተቺዎች አሞገሱት፤ ሱቆች ግን አላገኙትም። የሚያከፋፍለው ስታክስ ሮክን ለገበያ የማድረስ ልምድ አልነበረውም፤ በኋላ የማከፋፈሉ ሥራ ከኮሎምቢያ ሬከርድስ ጋር በተደረገ ስምምነት ውስጥ ሲገባም አልበሙ መደርደሪያ ላይ አልደረሰም። ያን ጊዜ የተሸጠው ከ10,000 ቅጂ በታች እንደሆነ ይነገራል። ቤልን ይህ ሰበረው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ባንዱን ለቀቀ። ታኅሣሥ 27 ቀን 1978 በፖፕላር ጎዳና በመኪና አደጋ ሲሞት 27 ዓመቱ ነበር፤ «አይ አም ዘ ኮስሞስ» የሚለው የግሉ ዘፈን በሸክላ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በዚያ ጎዳና ባለፍኩ ቁጥር ሙዚቃውን አጠፋ ነበር።

ሸክላው ግን ከእጅ ወደ እጅ መሄዱን ቀጠለ። በጆርጂያ አርኢኤም፣ በሚኒያፖሊስ ሪፕሌስመንትስ፣ በስኮትላንድ ቲንኤጅ ፋንክለብ የተባሉት ባንዶች ከዚህ ጉድጓድ ጠጡ፤ ሪፕሌስመንትስ እንዲያውም በ1987 በቺልተን ስም ዘፈን አወጡ። «ኢን ዘ ስትሪት» በ1998 የአንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን ተከታታይ መክፈቻ ሲሆን፣ ባንዱን የማያውቁ ቤተሰቦች ዜማውን በየሳምንቱ ሰሙት። ቺልተንና ሃመል በ2010 በወራት ልዩነት ሞቱ፤ ፍራይ በ2014 ተከተላቸው። ከአራቱ በሕይወት ያለው ጆዲ ስቲቨንስ ዘፈኖቹን ከወጣቶች ጋር መድረክ ላይ ይጫወታል።

ያገኘኋቸው የባንዱ ወዳጆች አብዛኞቹ በ1974 የወጣውን ሁለተኛውን አልበም፣ «ሬዲዮ ሲቲን»፣ ያስበልጣሉ። የፎቶ አንሺው ዊልያም ኤግልስተን ቀይ ጣሪያ ያለበት ሽፋኑ በእውነት ድንቅ ነው፤ «ሴፕቴምበር ገርልስ»ም ከየትኛውም የጊታር ዘፈን ጋር ይስተካከላል። በዚህ ጉዳይ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል፤ እኔ ከአቋሜ አልተነሳሁም። ሁለተኛው የቺልተን አልበም ነው። ቤልና ቺልተን ጎን ለጎን ቆመው፣ የአንዱ ጩኸት በሌላው ልስላሴ እየተመዘነ የሚዘፍኑት በመጀመሪያው ላይ ነው፤ «ዎች ዘ ሰንራይዝ» ላይ ጊታሩ ብቻውን ሲጀምርና ድምፆቹ ተራ በተራ ሲከተሉት ያዳመጠ ሰው ለምን እንደማልለውጠው ይረዳኛል።