ጆሮውን የያዘው ደረሳ

በመድረሳም ሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ልጅ ያውቀዋል። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ደረሳዎች በአንድነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ይወዛወዛል። ደወል በድንገት ሲደወል ጮኾ ወደ በር ይሮጣል። ከፊሉ ሰው «ጂን ነክቶታል» ይላል፤ ከፊሉ «ቅጣት ያጣ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ንግግር ልጁን ቤት ያስዘጋበታል፤ ሁለተኛው አለንጋ ያስነሳበታል።

የሕክምና ባለሙያዎች ኦቲዝም ይሉታል። ከአእምሮ እድገት ጋር የሚመጣ ልዩነት እንጂ የወላጅ አስተዳደግ ጉድለት አይደለም። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በጭንቀት ይሠቃያሉ። ለእኛ ተራ የሆነው ጫጫታ ለእነርሱ ጆሮ የሚበሳ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቅም ያስፈራቸዋል። እንግዲህ የሚሮጠው ልጅ ያመፀ ሳይሆን የፈራ ነው። የፈራን ልጅ መምታት ፍርሃቱን ማጽናት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ሆነው ያዩትን ችግር መነሻ በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በ2021 እስካረፉ ድረስም በየቤቱ ስለተደበቁ ልጆች ሲናገሩ ኖሩ። ይሁን እንጂ የአልዩ አምባ ገበሬ ልጁን አዲስ አበባ አመላልሶ ማስተማር አይችልም። ለእርሱ የሚቀርበው መምህር እኛው ነን። በአንኮበር ገደል አፋፍ ለሚያስተምር ሰው ደግሞ የልጅ ሩጫ ቀላል ነገር አይደለም።

እኛ ዘንድ የሚማር አንድ ልጅ ነበር፤ አባቱ በጩኸቱ ተሸማቆ ሊያስቀረው ተነሥቶ ነበር። ሌሎቹ ሳይመጡ ማልዶ እንዲመጣና ለብቻው እንዲቀራ አደረግን። የዕለቱን ሥራ በቅደም ተከተል በሥዕል እያሳየን፣ ደወሉ ሳይደወል አስቀድመን እንነግረው ነበር። ሲጨንቀው ሉሁን በጣቱ መታ መታ እንዲያደርግና ከግድግዳው ጥግ ካለችው ምንጣፍ ላይ እንዲቀመጥ አስለመድነው። ጭንቀቱ ጨርሶ አልጠፋም። ነገር ግን ወደ በር መሮጡን ተወ፤ ፊደልም ለየ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አልጠየቀም። ደረሳው በየተራው፣ በራሱ ሉህ፣ በአቅሙ ልክ ከኡስታዙ ፊት መቅራቱ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ልጁን የሚያስጨንቀውንና የሚያረጋጋውን ከእናቱ መጠየቅም ወጪ የለውም። ዓይኑን ዓይናችን ላይ እንዲተክል አለማስገደድ፣ ዝግ ባለ ድምፅና ባጭሩ መናገር፣ ሲያለቅስ ልጆች እንዳይከቡት መከልከል ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም።

ወንድሞቼና እህቶቼ መምህራን! ዓይነ ስውሩ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ሊማር በመጣ ጊዜ የወረደውን የዐበሰን ሱራ ለሕፃናት እናስቀራለን። ይህን እያስቀራን ሊማር የመጣን ልጅ ጆሮውን ስለያዘ ብቻ ከበር ልንመልሰው አይገባም። አላህ ትዕግሥቱን ይስጠን።