ስለ እማየ ጤና አዳም

ሆዴ፣ ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው? የዋጃ ሰኔ ለነፍሰ ጡር አይመችም፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ይሆን እያልኩ እኔም አልተኛ።

እማየ ደህና ናት፣ አብሽሪ። ሕክምናዋን ልትጨርስ ነው። የምትጠይቀኝ ግን ስለ ቤቱ ወይ ስለ ፍየሎቹ አይደለም፤ ስለ ጤና አዳሟ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ያልሽኝን እስካሁን አልነገርኳትም።

ስሚኝማ። ውሃ በየቀኑ አጠጣዋለሁ ብለሻል፤ እኔ የምፈራው ሥሩ ጋ አለመድረሱን ነው። የከረመ አፈር ሲደርቅ ይሰበሰብና ከተተከለበት ቆርቆሮ ጠርዝ ይላቀቃል። ያፈሰስሽው በዚያ ክፍተት ሽው ብሎ በታች ይወጣል። አንች ጠጣ ትያለሽ፣ መሐሉ ግን ዱቄት ነው። ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጊና ከነቆርቆሮው ይነከር፤ አረፋው ሲያቆም ይውጣ። አንሺው አላልኩም! ውሃ የጠጣ አፈር ይከብዳል፤ ያ የባልሽ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ እየሰደድሽ እይው፤ እርጥብ ከሆነ ተይው። ጥማት ይችላል፣ ጭቃ ግን አይችልም። የምስር እጣቢ ይሆነዋል። የኦሞ እጣቢ እንዳትደፊበት።

ቆርቆሮው ዝጎ ሥሩ በታች ወጥቷል ካልሽ መዛወሩ አይቀርም። አሁን ግን አይደለም። ሐምሌ ይግባ፣ ዝናቡ ይርጋ፣ ያኔ አመሻሽ ላይ ይሁን። ግንዱን ይዞ መጎተት የለም፤ ቆርቆሮው ይቀደድ። አዲሱ ዕቃ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ሰፋ ይበል፣ ታቹ ይበሳ። የማሳውን ዋልካ ብቻውን እንዳትሞሉበት፤ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ሥር ይበጥሳል። የወንዝ አሸዋና የከረመ ፍግ ይቀላቀልበት። ግንዱ ከቀድሞው ጠልቆ አይቀበር። ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ይክረም።

ነሐሴ 2014 በጦርነቱ ጥላችሁ ስትወጡ ማን አጠጣው? ክረምቱ። ጥቅምት ላይ ስትመለሱ የቤቱ በር እንኳ አልነበረም፤ እሱ ነበር። እማየ የምትሳሳለት ወዳ አይደለም።

ቢሆንም ካንች አይበልጥብኝም። ቅጠሉን ሌላ ሰው ይቁረጥልሽ፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃም ይቋጥራል። ከሁሉ የምፈራው ግን ቡናውን ነው። ጤና አዳም ማሕፀን ያኮማትራል፤ ሲበዛ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ጎረቤት «አንድ ዘለላ ምን ታረጋለች?» ቢልሽ ስቀሽ እለፊ። ስኒሽ ውስጥ ሊነክሩልሽ ሲሉ በእጅሽ ክደኚው። ቡናውንም ቢሆን ቀነስ አድርገሽ ጠጭ። የክትትል ቀንሽን እንዳትዘይ፤ ሳይረፍድ ውጭና ሂጅ።

አደራሽን የኔ ዓለም፣ እስክትወልጅ ድረስ ጤና አዳም በአፍሽ አይዙር።

እህትሽ