ሞተሩንና መልሕቁን ማስታረቅ

ጀልባችን ለኦሪገኑ ማኬንዚ ወንዝ የተፈጠረች ዓይነት ናት፤ ታችዋ ጠፍጣፋ፣ ፊቷም ኋላዋም ወደ ላይ የተቀለበሰ። ሐይቅ ላይ ስናወጣት ግን ነፋስ እንደ ቅጠል ይነዳታል። ባለፈው ሁለት ሰዓት ቀዝፈን ዳር ስንደርስ እጃችን ውሃ ቋጥሮ ነበር። «ሞተር!» አልን ባንድ ድምፅ።

ሻጩ ባለ 80 ፓውንድ ግፊቱን ሊያሸክመን ቃጥቶት ነበር፤ እሱ ግን 24 ቮልት፣ ማለትም ሁለት ባትሪ ይፈልጋል። ባለ 55ቱን ወሰድን። በሙሉ ኃይል 50 አምፔር ገደማ ይጠጣል፤ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪያችንን ከግማሽ በታች ላለማውረድ ስንል አንድ ሰዓት ቢያስኬደን ነው። ቀስ ካልን ይበረክታል።

ጣጣው መግጠሙ! የኋላው ሰሌዳ ጠባብ፣ መሀሉን ደግሞ የመልሕቁ ክንድ ይዞታል። ሞተሩን ወደ ጎን ብናስረው በመጀመሪያው ቀን የመልሕቁ ገመድ ተጠመጠመበት። ክንዱን አሻገርነው፤ ከውስጥ ጣውላ ደገፍን።

ኦሪገን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተርም ሞተር ነው፣ ጀልባዋ መመዝገብ አለባት። ወረቀቱ እስኪመጣ እየቀዘፍን ነው።