በገናው ውስጥ የገባው ወፍጮ

የሸክላ ማጫወቻ ሞተር ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ማዞር። ሳይንቀጠቀጥ ማዞርን ግን አልተማረም። መርፌዋ ደግሞ የተፈጠረችው መንቀጥቀጥን ለመስማት ስለሆነ የዘፋኙ ይሁን የሞተሩ ለይታ አትመርጥም። በሸክላው ቦይ ላይ የሚቀረጸው ሞገድ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ ቁጭ ብለን ስናሰላ ገረመን። በ1000 ሄርዝ፣ በሴኮንድ 5 ሴንቲሜትር ፍጥነት የተቀረጸ ድምፅ፣ ማለትም ደህና ጉልህ የሆነ፣ መርፌዋን ከመካከሏ ወዲያና ወዲህ የሚወስዳት 8 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። የሰው ጠጉር የዚህን ብዙ እጥፍ ይወፍራል። እንግዲህ ከዚህች መርፌ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ የብረት ሞተር በብሎን ታስሮ ሲንዘፈዘፍ አስቡት።

ይባስ ብሎ ወፍራም ድምፆች ሲቀረጹ ሆን ተብሎ ይቀነሳሉ፤ አለዚያ ቦዩ ሰፍቶ ጎረቤቱን ይደረምሳል። ማጫወቻው አምፕሊፋየር የተቀነሰውን መልሶ ያጎላዋል። ይህ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በደንብ የተወሰነ አሠራር ነው። 100 ሄርዝ ላይ ያለ ድምፅ ከ1000ው ጋር ሲነጻጸር አራት ተኩል እጥፍ ያህል ይጎላል። ሞተሩም የሚያጉረመርመው እዚያው ሠፈር ስለሆነ አብሮ ይጎላል። ያልተጠራው እንግዳ ከተጠራው እኩል ይበላል ማለት ነው።

ሊቃውንቱ ከዚህ እንግዳ ጋር ያልተጣሉት ጠብ የለም። በ1954 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የእንግሊዞቹ ጋራርድ 301 ሞተሩን በጎማ ጎማዊት አማካይነት ከሳህኑ ጋር ስለሚያገናኝ ሞተሩን በሞላ ላይ አንጠለጠሉት። በ1961 ኤድጋር ቪልቹር የሚባለው አሜሪካዊ ሳህኑንና ክንዱን አንድ ላይ አድርጎ በሦስት ሞላ ለየው፤ ሞተሩ ውጭ ቀረ፤ በመካከላቸው የቀረው ቀጭን የጎማ ቺንጋ ብቻ ሆነ። ስኮትላንዳዊው ሊን ሶንዴክ፣ ያ በዋጋው የሚያስደነግጠው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተነሣው በዚሁ መንገድ ነው። ጃፓኖቹ ደግሞ በ1970 በቴክኒክስ ኤስ ፒ 10 ቺንጋውን ጭራሽ ጣሉትና የሞተሩን ዘንግ የሳህኑ ዘንግ አደረጉት። እኛ የቺንጋ ወገን ነን። ምክንያታችንም ፍልስፍና አይደለም፤ ያለን ማጫወቻ ባለ ቺንጋ ስለሆነ ነው።

ያ ማጫወቻ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ፣ በዘመኑ ውድ የነበረ ዕቃ ነው። የፋብሪካውን ስም አንጠራም፤ እርጅና የሁሉም ነውና። ባለቤቱ የአንደኛው ጓደኛችን አባት ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው በገና ተምረዋል። መምህራቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ በገናቸውንም በክፉ ቀን ሸጠውታል። የቀረቻቸው መምህራቸው የደረደሩባት አንዲት ሸክላ ናት። ሁለተኛ ቅጂ መርካቶ ድረስ ወርደን ፈልገን አጣን። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ማንበቡን ትተውታል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ የሚፈልጉት ያችን ሸክላ መስማት ነው። ሸክላ ደግሞ መርፌ በሄደባት ቁጥር ታልቃለች። ስለዚህ «እስቲ ደግመን እንሞክራት» እየተባለ የምትመላለስ ነገር አይደለችም።

እኛ በተጠራን ዕለት ማጫወቻው 220ውን ወደ 110 ቮልት በሚያወርድ ትራንስፎርመር ታስሮ ነው የደረስነው። ጋሼ አንድ ጊዜ አስጀመሩልንና፣

«እስቲ ስሙት፤ እኒህ ሰው ታመዋል እንዴ? ደግሞ ይኼ በገና ነው ወፍጮ ቤት?» አሉን።

ሁለቱም ነቀፋ ትክክል ነበር። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሳይክሉን አይለውጥም። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የኛው 50 ጊዜ። ሞተሩ ባለ 24 ዋልታ ስለሆነ በ60ው በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል፤ በ50ው 250 ብቻ። ሳህኑም 33 ከሲሶ ሊዞር ሲገባው ወደ 28 ይወርዳል። ድምፁ በፒያኖ ቢለካ ሦስት ቁልፍ ያህል ዝቅ አለ ማለት ነው። መምህሩ ታመው ሳይሆን መብራታችን አዝግሟቸው ነው።

ወፍጮው ግን ከዚህ ይከብዳል። የበገና ድምፅ ራሱ ንዝረት ነው። ከበግ አንጀት የተሠሩት አሥሩ አውታሮች በርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ጥዝዝ የሚለው፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያሰኘው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ባለሙያው እንዝራውን ዝቅ ከፍ እያደረገ እስኪጥመው ይፈልገዋል። አንዱ ጥዝዝታ የእጅ ጥበብ ነው፤ ሌላው እምምታ የሞተር ነው፤ ሁለቱም ወፍራም፣ ሁለቱም የማያቋርጡ። በማጣሪያ እንቁረጠው ቢባል መጀመሪያ የሚሞተው በገናው ነው። የግድ ከምንጩ መድረቅ አለበት።

ለምርመራው የጋሼን ሸክላ በልብሷ አስቀመጥናትና ከመርካቶ የገዛናትን የተጫረች የጭፈራ ሸክላ አወጣን። ሞተሩ ጠፍቶ አምፕሊፋየሩ ሲበራ ጸጥ ይላል፤ እንግዲያው የሽቦ ጣጣ አይደለም። ቺንጋውን አውልቀን ሳህኑን በጣታችን ስናሽከረክር ዘፈኑ እየተንገዳገደም ቢሆን ያለ እምምታ ወጣ። ከዚያ ተቃራኒውን አደረግን፤ ሳህኑ ቆሞ፣ መርፌዋ በቆመች ሸክላ ላይ አርፋ፣ ቺንጋ ሳይኖር ሞተሩ ብቻውን ይዙር። ወፍጮው ከተፍ አለ! በቺንጋው ሳይሆን በአካሉ በኩል፣ በብረቱ ውስጥ ለውስጥ እየተጓዘ ነበር የሚመጣው። ከሕክምና ፋኩልቲ ያስመጣነው ጓድ በልብ ማዳመጫው ሞተሩን፣ ብሎኖቹን፣ የክንዱን ሥር አንድ በአንድ አዳምጦ «የልብ ትርታው ጤነኛ ነው፤ ግን ይጮኻል» የሚል ውሳኔ ሰጠ። (ሐኪም ሲሆን እንዲህ ከሆነ ወዮ ለሕዝቡ።)

ብሎኖቹ ሥር የነበሩት የጎማ ራንዴላዎች በእርጅና ድንጋይ ሆነዋል። ከአሮጌ ካላማዳሪ አዲስ ቆርጠን አስገባን፤ ብሎኑንም ጨክነን አላጠበቅነውም፤ የታነቀ ጎማ ከብረት አይለይምና። የሞተሩን ኩሽኔታ አጽድተን አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ሰጠነው። በጣም የላላ ሞላ ላይ እናንጠልጥለው የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በክብደቱ አንድ ሴንቲሜትር የሚወርድ ሞላ በሴኮንድ 5 ጊዜ ገደማ ይዋዥቃል፣ ከዚያ በጣም የሚፈጥነውንም ንዝረት አያሳልፍም። ነገር ግን ቺንጋ ሞተሩን ወደ ጎን ይጎትታል፤ የተንጠለጠለ ሞተር ይዘምና ፍጥነቱ ይዋልላል። ካላማዳሪው ይበቃል ተባለ።

እምምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሥሩ ያለው በመብራቱ ነው። ይህ ዓይነት ሞተር ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው፤ አንዱ ከመብራቱ በቀጥታ ይጠጣል፣ ሌላው በካፓሲተር በኩል ሩብ ዙር ተለይቶ። በአንድ ሙቀጫ የሚወቅጡ ሁለት ሴቶችን አስቡ፤ አንዷ ስታነሣ ሌላዋ ታወርዳለች፤ ሙቀጫው ንቅንቅ አይልም። አንዷ ከዘገየች ወይም ከሌላዋ አብልጣ ከመታች ግን ሙቀጫው ይዘላል። የኛው ካፓሲተር ሲፈጠር ለ60 ሳይክል የተመረጠ ነው፤ በዚያ ላይ አርጅቷል። ስለዚህ ሞተሩ በእኩል ከመጎተት ይልቅ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይገፈተራል፤ የመብራቱን እጥፍ።

ያመጣነው መላ ሁለቱንም በሽታ በአንድ መርፌ የሚወጋ ነበር። ካፓሲተሩን አስወግደን፣ በአርዱዪኖ ሁለት ንጹሕ የ60 ሄርዝ ሞገድ ሠራንና በአሮጌ የመኪና ስቴሪዮ አምፕሊፋየር አጎላናቸው፤ ግራው ለአንዱ ጥቅል፣ ቀኙ ለሌላው፤ ከዚያም በሁለት ትራንስፎርመር ወደ 110 ቮልት ከፍ ይላሉ። ስታኞ ሲያጨስ፣ ዶርሙ «ደግሞ ምን አቃጠላችሁ?» ሲል ሰነበተ። ፍጥነቱ ወዲያው ተስተካከለ። ከዚያ የመጨረሻውና የምንወደው ሥራ መጣ፤ ሌሊት፣ ግቢው ጸጥ ሲል፣ አንዱ ማዳመጫውን ሞተሩ ላይ ደግኖ፣ ሌላው የሁለቱን ሞገድ ልዩነት በጥቂት በጥቂት እያዞረ፤ «ጨምር፣ ጨምር፣ አለፍክ፣ መለስ በል»። በወረቀት ላይ መልሱ 90 ዲግሪ ነው፤ የኛው ሞተር ግን ዝም ያለው በትንሹ ከዚያ ወረድ ብሎ ነው፤ ሁለቱ ጥቅሎችም እኩል ቮልት አልወደዱም። ሞተሩ አንዴ ከተነሣ በኋላ ሳህኑን ለማስኬድ ኃይሉ ሁሉ አያስፈልገውምና ቮልቱን ወደ 75 ገደማ አወረድነው። በላፕቶፑ ሥዕል ላይ እንደ ምሰሶ ተገትሮ የነበረው መስመር ወደ ጉቶ ወረደ። ጨርሶ አልጠፋም፤ ጆሮ ግን አላገኘውም።

የጋሼን ሸክላ ያኔ ነው ከልብሷ ያወጣናት። መርፌዋ ስታርፍ ከመጀመሪያው ምት በፊት የሰው ትንፋሽ ተሰማ፤ ወንበርም ሲጥጥ አለ። ይህ ሁሉ ከወፍጮው ሥር ተቀብሮ ኖሯል። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጣቶቻቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ማናችንም አልተነፈስንም። መዝሙሩ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ፊታቸው ተቋጠረ። አንድ ያልታየን እንከን ቀርቶ እንደሆነ ብለን ተያየን።

«አራተኛው አውታር» አሉ፤ «እንዝራው ተንሸራቷል። ያን ዕለት ነግሬያቸው ነበር እኮ!»

ልጃቸው ደንግጦ «አባባ፣ ሲቀዱ እዚያ ነበሩ እንዴ?» ቢላቸው በእጃቸው ዝም በል አሉት፤ ገና አላለቀም ነበርና።